ናንጃላ ጎን ያለው ባዶ ቦታ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3
አጥሩን ከረከምኩ። ከሚስቴ ከናንጃላ መቃብር ዙሪያ አረም ነቀልኩ። ጎኗ ያለችውን ቦታ እንደ ሁልጊዜው ባዶ ተውኳት... ስሞት የእኔ ናት።

ጎረቤቴ ናሊያካ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። “መምህር፣ ባንኩ ቤትዎን ሊሸጠው ነው፤ እርስዎ አረም ይነቅላሉ!”

“ይሽጠው።”

ስኳር ፋብሪካው የሸንኮራችንን ዋጋ ካስቀረ ወዲህ ብድሩን አልከፈልኩም። ባንኩ “ና እንነጋገር” ሲለኝም አልሄድኩም። ለምን እሄዳለሁ? እዚህ ቡንጎማ ሚስት በሩ ላይ የተቀበረችበትን ግቢ ማን ይገዛል?

ዓርብ፣ መጋቢት 20
ሐራጅ። ከመንደራችን አንድም ሰው ዋጋ አልጠራም። ልቤ ሞላ። ከዚያ ከናይሮቢ የመጣ ባለመነጽር እጁን አወጣ።

“አንተ! መቃብር ነው የምትገዛው!” ብላ ናሊያካ ጮኸችበት።

ሳቀ። “እማማ፣ እሷ አትረብሸኝም። አንቺ ነሽ የምትረብሺኝ።”

ተሸጠ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5
ልቀቅ የተባልኩበት ቀን አለፈ። አልወጣሁም። ዶማውን ሳልኩት። ምን ልቆፍርበት?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9
መጡ። በሩን በፌሮ ገነጠሉት። አልጋዬን በመስኮት ወረወሩት። አለቃቸው ሙኮያ... ማንበብ ያስተማርኩት ሙኮያ!

“መምህር፣ ከመቃብሩ ዞር ይበሉ። ሥራ ነው።”

“እዚህ የተኛችው ገንፎ ያበላችህ ሴት ናት።”

“አውቃለሁ። ዞር ይበሉ አልኩ!”

መዶሻውን መቃብሯ ላይ አሳረፈው። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። ደግሞ ሲያነሳ በዶማው ራሱን አልኩት። ወደቀ። ወድቆም መታሁት። ናሊያካ “ይበቃል! ይበቃል!” ትላለች... እሰማታለሁ። አላቆምኩም። በተማሪ ላይ አለንጋ አንስቼ የማላውቅ ሰው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11
ፖሊስ ጣቢያ። እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ሙኮያ ሞቷል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22
ናሊያካ የበቆሎ ኡጋሊ ይዛልኝ መጣች። አልበላሁም።

“የሙኮያ ሰዎች አስከሬኑን ተሸክመው ግቢዎ ገቡ” አለች። “በገዳዩ ደጅ ይቀበር ብለው። ማን ይከልክላቸው? ፖሊሱም ቆሞ አየ።”

“ገዢውስ?”

“መኪናውን አዙሮ በረረ። ከእንግዲህ ማንም አይገዛውም፣ መምህር። ደስ ይበልዎት።”

“የት ቀበሩት?”

ኡጋሊውን በጣቷ ቆረሰች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

“ናሊያካ። የት?”

“ከናንጃላ ጎን። ባዶው ቦታ ላይ።”