አረንጓዴ ላይ ደርሳ ያለቀሰችው ልጅ

ጓዴ፣ እንዴት ከርመሃል?

ዛሬ የተራቡ ልጆችን የሚረዳ ድርጅት ጎራ ብዬ ነበር። ነርሷ የልጆቹን ክንድ በባለቀለም ጥብጣብ ትለካለች፤ ቀይ ከሆነ ልጁ ክፉኛ ተጎድቷል፣ አረንጓዴ ከሆነ ድኗል። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አረንጓዴ ላይ ስትደርስ እናቷ እልል አለች፤ ልጅቱ ግን እሪ አለች። ለካስ ልጅ ሲድን፣ ለተጎዱት እንደ መድኃኒት የሚታደለው የለውዝ ቅቤ ይቀርበታል።

"እንደገና ለኪኝ" ብላ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች።

"የምለካው ክንድሽን ነው እኮ፣ የኔ እመቤት" አለቻት ነርሷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ስትመጣ ለማልቀስም አቅም አልነበራትም" አለችኝ።

እኛ ልጆች ሳለን እናትህ "በሞቴ ብሉ" እያሉ ሳህን ይዘው ሲያሳድዱን እንሮጥ ነበር።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ፤ ቤተሰቡን ሳምልኝ። ለእናትህም ንገርልኝ፤ ነርሷ የእኔንም ክንድ ለክታ ነበር፣ ጥብጣቡ አልበቃም።