ለሁሉም የሰጠሁት ምርቃት

ይድረስ ለልጄ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

እዚህ የአካባቢ ምርጫ ነበር። የየፓርቲው ቀስቃሽ በሬን ሲያንኳኳ፣ ቶሎ እንዲሄድልኝ «ይቅናችሁ» ብዬ እየመረቅሁ ሸኘሁ። «ውሃ እናስገባለን» ሲሉ መስማት ሰልችቶኛል፤ ዛሬም በባልዲ ነው የምንቀዳው። አንቺን ያዋለደችሽ ጎረቤታችንም ተወዳዳሪ ሆና መጣች፤ እሷንም እንደዚያው መረቅኋት። የምርጫው ቀን ግን «ሁሉም ያው ናቸው» ብዬ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ።

ተሸነፈች። ትናንት መጥታ፣ «እህቴ፣ ሌላው ቢከዳኝ አንቺ እንደመረጥሽኝ አውቃለሁ» ብላ አቅፋ ሳመችኝ።

እባክሽ ደውለሽ አጽናኛት፤ እኔ በምን አፌ? ፈጣሪ ከፍ ያድርግሽ፣ ወልደሽ ሳሚ። ይሄኛው ምርቃት ከልቤ ነው ልጄ፤ እመኚኝ።

እናትሽ