የስኮትላንዶቹ መጽሐፍና የእኔ ይሉኝታ

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.፤ ዙሪክ፣ ጠዋት

ዛሬም ሣጥን እጠርጋለሁ። የቆርቆሮ ሣጥኖች፣ ኤድንብራ ካለው ዋናው መ/ቤት የመጡ። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ የሞተ ስኮትላንዳዊ ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል። የጠበቆቹ ደንብ እንዲህ ነው፦ ደንበኛ ይሞታል፣ ሣጥኑ ግን ይቀመጣል። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቢሮ! መሥራቹ ከሻማ ሻጭ ሱቅ በላይ፣ በአንዲት ክፍል፣ የገበሬ የመሬት ውል እየጻፈ ጀመረ። ልጁ ተካው፣ የልጅ ልጁ ተካው። ቁልፉን አምጡ ያላቸው የለም።

ቀናሁ። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ደብተሬ? የአባባ የጥብቅና ቢሮ ፒያሳ ነበር። ደርግ ቤቱን ወረሰ፤ መዝገቦቹ በኩንታል ለባለሱቅ ተሰጡ። እኅቴ በርበሬ ገዝታ ብትፈታው፣ መጠቅለያው የአባባ የእጅ ጽሑፍ። ሰው በሣጥን ይቀናል? ይቀናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9፤ ከምሳ በኋላ

ሚ/ር ማክኒል፣ የዙሪኩ አለቃችን፣ ጠራኝ። ደግ ሰው ነው፣ አንድ ጊዜ የሰማውን ግን ደግሞ አይጠይቅም። ለሁለት መቶኛ ዓመቱ በዓል የቢሮው ታሪክ በመጽሐፍ ይወጣል፤ የስዊዘርላንዱን ምዕራፍ ትጽፋለህ ወይ አለኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ያደገበትን ተናገረ፦ ኧረ እኔ ምን ችዬ፣ ከእኔ የሚሻሉ አሉ።

አመሰገነኝ። ኮቱን ለበሰ። እስኪደግምልኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ወጣ!

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ምዕራፉ ለጌታቸው ተሰጠ። ለጄኔቭ ቢሮው ጌታቸው! ስድስት ኪሎ ሕግ አብረን የተማርን፣ ማስታወሻዬን እየተዋሰ ያለፈ። በስልክ ሲጠይቁት ወዲያው እሺ አለ አሉ። ምን ዓይነት ሰው ነው በአንድ ጥያቄ እሺ የሚል? ሰው ምን ይለኛል አይልም? ፈረንሳይኛው እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ስኮትላንዶቹ ይወዱታል፤ ኮት ያምርበታል። አንጀቴ አረረ።

እሑድ፣ ኅዳር 12፤ የሚካኤል ዕለት

ጽጌ ከቪንተርቱር ሆስፒታል ሥራዋ ተመለሰች። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ባሌ በረኀብ የሚሞተው ማዕድ ፊት ተቀምጦ ነው አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና አጠገቤ ተቀመጠች።

የምዕራፉ ነገር የክብር ብቻ አይደለም፤ እሷም ታውቃለች። በጃንሆይ ዘመን አንድ ስኮትላንዳዊ ነጋዴ አዲስ አበባ ሲሞት፣ የውርሱን ጉዳይ ለዚህ ቢሮ የጨረሰው አባባ ነው። እኔም እዚህ የተቀጠርኩት በዚያ ትውውቅ ነው። አንዲት መስመር ስለ አባባ ላስገባ ነበር። ፒያሳ ላይ ታፔላው የለም፤ መዝገቡ በርበሬ ሆኗል። የስኮትላንዶች መጽሐፍ ግን ማንም አይወርሰውም። ጌታቸው ይህን አያውቅም። ነግሬው አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15፤ ማታ፣ ኦርሊኮን፣ ቤት

ጌታቸው ለመጽሐፉ ጉዳይ ከጄኔቭ መጣ። ጾም ገብቷል፣ ጽጌ ምስር ሠራች። ኮቱ አዲስ ነው። (አየሁት፣ ምን ላድርግ!) እያመሰገነ በላ። ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ በትራም ሸኘሁት። ስለ ልጆቹ አወራኝ፤ አንድም ቃል አልሰማሁ።

መድረኩ ላይ ቆም አለ። አብረን እንጻፈው፣ ሣጥኖቹን የምታውቀው አንተ ነህ አለኝ። ደብተሬ፣ ምን ያልኩ ይመስልሻል? «ኧረ አንተው ትበቃለህ።» ከንፈሬን ልነክሰው ምንም አልቀረኝ። አልተወኝም፤ እጄን ያዘ። «በሞቴ!» አለ። ስንት ዓመቴ በሞቴ የሚለኝ ካጣሁ! የጽጌ «በሞቴ» እንኳ በጀርመንኛ እየተተካ ነው። ደስታው ሆዴን ሞላው፣ አፌ ግን ያችኑ ደገማት፦ ተወኝ፣ አታስቸግረኝ። በሦስተኛው እሺ ልል ነው፤ ወጉም ይኸው ነው። ጌታቸው ወጉን ያውቃል። ባቡሩ ላይ ወጣ፣ ዞረ፣ አፉን ከፈተ።

በሩ ተዘጋ። የስዊስ ባቡር ሦስተኛ ልመና አይጠብቅም። በመስታወቱ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ከዚያ የለም።

እስከ ትናንት በኮቱ ቀናሁ፣ በፈረንሳይኛው ቀናሁ። አሁን ደግሞ በደግነቱ ልቅናበት? ቀናሁበት። እኔ ብሆን ምዕራፉን ለሁለት እካፈል ነበር? ወላሂ አልካፈልም፤ ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ አስባለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ቢሮ

ማንም አልገባም። የቢሮው ስልክ ፊቴ ነው። ጌታቸው በጠዋት ይገባል።

ወስኛለሁ። ሰላምታም ሳላስቀድም እሺ እላለሁ። እጽፋለሁ፣ እፈልገዋለሁ፣ ከመጀመሪያውም እፈልገው ነበር እላለሁ። ከዚያ ስለ አባባ እነግረዋለሁ። እሱ ይሉኝታ ቢይዘው እንኳ እኔ ሦስት ጊዜ እለምነዋለሁ፣ በሞቴ እያልኩ። መስመሯን እዚህ ልሞክራት፦

«በአዲስ አበባ የቢሮው ጉዳይ አስፈጻሚ ጠበቃ ወልደ ሰማያት ነበሩ፤ ቢሯቸው ፒያሳ፣ በሩ ለሁሉም ክፍት፣ ከመዝገቦቻቸው አንድ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅ…»

አይ፣ ይህን መጻፍ አልችልም። «ቢሯቸው ፒያሳ ነበር» ይበቃል። ልደውል።