ሬዲዮ የለንም ያለው ተራ

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህም ለምናደድብህም ባለቤቴ ለኢዩኤል፣

የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሃል? ሹራብህን ጥለህ እንደሄድክ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ አብሬ ልኬልሃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጃችን ምስራ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስሟን ለመጥራት ስትታገል ብትሰማት በሳቅ ትፈርሳለህ። እኔም ፍልሰታን እየጾምኩ፣ የመኪና ወንበር ልብሴን እየሸጥኩ፣ ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቅኩ አለሁ።

የምጽፍልህን በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን ገና "ስለ ሬዲዮው" ከማለቴ "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ትለኛለህ። የጅማ ኔትወርክ የሚቆራረጠው ሬዲዮ የሚል ቃል ሲሰማ ብቻ ነው እንዴ? ደብዳቤ ደግሞ መሀል ላይ አይዘጋም። እየተነጫነጭክም ቢሆን ታነበዋለህ። ዕቃ ጭኖ ለሚመጣው ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ በእጅህ ካላደረሰልኝ የወንበር ልብሱን በቅናሽ እንደማያገኝ ያውቃል።

ከጣቢያው የወጣህ ቀን ያልከኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አለቃህ ኪያ የአድማጭ ጥናቱን ዘርግታ "መርካቶ ውስጥ ፕሮግራምህን የሚሰማ የለም፤ ማስታወቂያ የሚሰጡንም ይህን አይተው ወደ ሌላው ጣቢያ እየሄዱ ነው" ብላህ መጣህ። አንተ ራጉኤል ሥር ተወልደህ ያደግክ ሰው፣ ለዚህ ተራ ብለህ የስልጤውን ዘፈን ከጎጃሙ፣ የሐረሩን ከወላይታው እያደባለቅህ ስታሰማ የኖርክ ሰው። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለህ "ፊት ለፊት 'ኢዩ፣ የዛሬው ዘፈን አንጀቴን አራሰው' ይሉኛል፣ ዞር ስል ይዘጉኛል" አልክ። ከዚያ በኋላ በተራው ማለፍ ተውክ። ሰላም የሚልህ ሁሉ የሚያሾፍብህ መሰለህ። ቀጥሎ የአጎትህ ልጅ ጅማ ላይ የድምፅ ዕቃ እንድትሸጥለት ሲጠራህ ሻንጣህን ለማሰር ጊዜ አልፈጀብህም።

ሰዓትህ ላይ ያስገቡትን ሰምተኸው ይሆናል። ሌላው ጣቢያ የሞባይል ካርድ እየሸለመ አድማጭ ሲወስድባቸው እነሱም ካርድ መሸለም ጀመሩ። ያኛው ጣቢያ ደጋግሞ የሚለቀውን ዘፈን ይኼኛውም ይለቀዋል። ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ጣቢያ ሲቀይር ያው ዘፈን ካቆመበት ይቀጥላል፣ ልዩነቱ የሚያወራው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው ሐሙስ ራጉኤል አስቀድሼ ወደ ሱቅ ስመለስ አንዲት ልጅ ባጅ አንጠልጥላ፣ ታብሌት ይዛ ጎረቤታችን ጋሽ አብደላ ሱቅ በር ላይ ቆማለች። ዋፋ ትባላለች። "ጋሼ፣ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ አለ?" ትላቸዋለች። "የለም የኔ ልጅ" ይላሉ። "በቀን ስንት ሰው ሱቁ ይገባል?" ትላለች። "ማን ይገባል ብለሽ ነው? ገበያው ሞቷል፣ ዝንብ ነው የምንቆጥረው" ይላሉ። ይህን ሲሉ ሬዲዮው የመኪና ካንዴላ ካርቶን ውስጥ ተከቶ እያንጎራጎረ ነው። ልጅቷ ጆሮዋን ጣል አድርጋ "ታዲያ ይኼ ዘፈን ከየት ነው የሚመጣው?" ስትላቸው "ከሳዳም ሱቅ ነው" አሉ። ሳዳም ደግሞ ከማዶ፣ የሚሸጠውን ፍሪሲዮን እንደያዘ፣ "እኔ ጋ አይደለም፣ ከጋሽ አብደላ ነው" አለ።

ልጅቷን ወደ ጎን ሳብ አድርጌ ማን እንደላካት ጠየቅኳት። የሬዲዮ አድማጭ የሚያጠና ድርጅት ነው አለችኝ። ባለፈው ዓመትም መጥታችሁ ነበር ወይ ስላት "እኔው ራሴ ነበርኩ የመጣሁት። እዚህ ተራ ሬዲዮ ያለው አንድም ሰው አላገኘሁም" አለች።

ገባህ ኢዩኤል? የግብር ሰው መስላቸው ነው! ታብሌት የያዘ ሰው ምን አለህ፣ በቀን ስንት ሰው ይገባልሃል ብሎ ሲጠይቅ የእኛ ተራ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፤ ሱቁም የኔ አይደለም ሊል ምንም አይቀረው። ባለፈው ዓመት እነሱ ሲመጡ እኔ እናቴን ላስታምም ደብረ ማርቆስ ነበርኩ። አንተ ደግሞ ስቱዲዮ ነበርክ። ካርቶን ውስጥ ከትተው የካዱት ሬዲዮ ላይ የምታወራው አንተ ነበርክ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። የጎማ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን እንባዬ መጣ፣ ልጅቷም ደንግጣ ውሃ ሰጠችኝ።

ደግሞ ያ ሌላው ነገር አለ። ኪያ "ወደ ፕሮግራምህ የሚደውል የለም፣ እዚያኛው ጣቢያ ስልኩ ፋታ የለውም" ትልህ አልነበር? ለምን ብለው ይደውላሉ? ሱቅ ሲዘጋ በተራው ስታልፍ አንዱ ክንድህን ይዞ "ነገ የኛን ዘፈን ጣልልኝ" ይልሃል፣ ሌላው መኪና ሥር እንደተኛ ይጮህብሃል። ሰውዬው በራቸው እያለፈ ማን ካርድ ያቃጥላል? ጣቢያው ይህን በምን ያውቃል? አንተም አልነገርካቸውም። ሥራውን ሠርተኸዋል፣ ጣቢያው በሚያየው ቦታ ላይ ግን አልሠራኸውም።

ለጋሽ አብደላ ነገርኳቸው። "ይቺ ልጅ የግብር አይደለችም። ባለፈው ዓመት 'የለም' ያላችሁት ኢዩኤልን ነው" አልኳቸው። ካርቶኑን ከፍተው ሬዲዮውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። "ወላሂ አላወቅኩም" አሉ። "እኔኮ ባልሽ አዲስ አበባ ጠብቦት የሄደ ነው የመሰለኝ። በገዛ ምላሴ ነው እንዴ ልጁን ያባረርኩት?" አሳዘኑኝ።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው። ቆባቸውን ደፍተው "ሁሉም ኢዩኤል፣ ኢዩኤል ይበል" ሊሉ በየሱቁ ሊወጡ ሆነ። ዋፋ ተቆጣች። "ጋሼ፣ ምን ብለው እንደሚመልሱ ከነገሯቸው ተራውን በሙሉ ነው የምሰርዘው። ከየት እንደመጣሁ ብቻ ይንገሩልኝ፣ የቀረውን እኔ እጠይቃለሁ" አለች። ወደድኳት። እሳቸውም "ግብር አይደለችም፣ እውነቱን ተናገሩ" ብቻ እያሉ ከፊቷ ከፊቷ ሄዱ።

ሁሉም ያንተን ስም ጠራ ብዬ አልዋሽህም። ሳዳም "እኔ ካርድ የሚሸልመውን ነው የምሰማው" አለ፣ ፊቱ እንኳ አልቀላም። ጥቂቶች ኳስ ብቻ ነው የምንሰማው አሉ። ነገር ግን ስንቶቹ "ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የኢዩኤል ፕሮግራም ነበር፣ እሱ ከቀረ ያገኘነውን ነው የምንሰማው" እንዳሉ ብታይ! ጋሽ አብደላማ እንድትጽፍላቸው ቆመው ጠበቁ። "ሦስት ሰዓት ላይ አሁንም ያንኑ ጣቢያ ነው የምከፍተው። ልጁ አይመጣም እንጂ" ነው ያሉት።

ቅዳሜ ኪያ ደወለችልኝ። ያንተን ስልክ ሞክራ ሞክራ ሰልችቷታል። ባዶ ነው ያሉት ሰፈር ሬዲዮ ሲጮህበት እንደሚውል ከጥናቱ ሲሰሙ ማስታወቂያ የሚያመጡላቸው ሰዎች ስላንተ ጠይቀዋታል መሰለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት የሁለት ሰዓት ፕሮግራም ሊሰጡህ ይፈልጋሉ፣ ለሦስት ወር ሙከራ። የጠዋቱን ሰዓት አይመልሱልህም፤ እሱን ተወው። በየሰዓቱ ጣቢያው ከመረጣቸው ዘፈኖች አራት ማስገባት አለበት አለች። እኔ እንግዲህ መርካቶ ነው ያደግኩት፣ አንድ አልኳት። ሳቀች። ሦስት አለች፣ ሌላ ስልክ እንደመጣብኝ ሁሉ ዝም አልኩ። ሁለት ላይ ተስማማን። ሳልጠይቅህ ስለተከራከርኩልህ ብትቆጣ ተቆጣ። የመጨረሻውን ቃል ግን አልሰጠኋትም፤ እስከ ዓርብ ራስህ ደውልላት።

ለሦስት ወሩ ዋስትና የለኝም። ዋፋ ተመልሳ ትመጣለች፣ ያኛው ጣቢያም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ካርዱን እጥፍ ቢያደርገው ሳዳምን የመሰለው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ቢሆንም ጋሽ አብደላ ተራውን ሰብስበው "ከእንግዲህ መንገድ ላይ ይዘን አንነግረውም፣ እንደ ሰው እንደውላለን" አስብለዋል። እንዴት እንደሚደወል የማያውቁ ሽማግሌዎች የጣቢያውን ቁጥር በስልካቸው ላይ አስመዝግበዋል። እኔ እንደሚሳካ አምናለሁ፤ ካላመንኩ ወረቀት አላበላሽም ነበር።

የጎዳኝ ሰዓትህን መውሰዳቸው አልነበረም። እኛን እንደጠላኸን ሆነህ መሄድህ ነው። ተራው አላሾፈብህም ኢዩኤል። ፈርቶ ነው የዋሸው።

ዋፋ በመጨረሻ ወደ እኔ ሱቅ መጣች። "ሬዲዮ አለሽ?" አለችኝ። አለኝ አልኳት። "ትሰሚያለሽ?" አለች። አልሰማም አልኳት። "ከመቼ ጀምሮ?" ስትለኝ "ባለቤቴ ከሄደ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም" አልኳት። ጎንበስ ብላ ጻፈችው። ተራውን ሁሉ እውነት ተናገሩ ስል ውዬ፣ ሬዲዮ እያለኝ አልሰማም ብዬ የተመዘገብኩት እኔ ብቻ ነኝ። አልዋሸኋትም። መጥተህ መልሴን አስቀይረኝ።

ራጉኤል ከመንገዱ ጭቃና ከክፉ ሰው ይጠብቅህ። ጋሽ አብደላ በዱዓቸው አልረሱህም፣ ምስራ ደግሞ ጥርሷን ሳታሳይህ አዲሱ እንዳይበቅል ትጸልያለች።

ያንተው ፍቅርአዲስ