የመሳቢያው ብስኩት

ድንቡሼ፣

ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ቀሚስ ያሰፋችው ሴትዮ ካንኳኳች "ነገ ነይ" በላት።
ድስቱ ውስጥ ምስርና ጎመን አለ። ዳቦውን ግማሹን ብቻ ብላ። ለስላሳ ይዘህ እንዳትገባ!

ጠዋት ምንም ሳልቀምስ፣ ለቀልድ ብዬ፣ በስኳር መለኪያህ ጣቴን ወጋሁ።
የኔ ካንተም በልጦ ወጣ።
ተሳስቶ ይሆናል ብዬ እጄን ታጥቤ ደገምኩት። ያው ነው።

ከመሳቢያህ እየለቀምኩ "ጣልኩት" ያልኩህ ብስኩት አንዱም ቆሻሻ ውስጥ አልገባም። እንዳይባክን እያልኩ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የምጨርሰው እኔ ነበርኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ምግብህን ስቆጣጠር "ፖሊስ" ስትለኝ የምጮህብህ ንቄህ አይደለም። የአባዬ በስኳር የተቆረጠ እግር ፊቴ ላይ ድቅን እያለብኝ ነው። ዛሬ ደግሞ ጫማዬን ሳደርግ የራሴን እግር ጣቶች አንድ በአንድ ስነካካ ቆየሁ።

ሐኪሙ "በጊዜ ከተያዘ፣ አመጋገብ ከተስተካከለ ስኳሩ ወደ ልኩ ይመለሳል" ብሎህ የለ? ያኔ አንተን እየተቆጣሁ በደንብ አልሰማሁትም። ስመጣ ቃል በቃል ንገረኝ።

ስፌት መኪናዬ ላይ ካለው ጨርቅ ስር አንድ እሽግ ብስኩት ቀርቷል። አንተ ጣለው።
እኔ ጣልኩት ብልህ እንዳታምነኝ።

እህትህ