ድንቡሼን ሳከሳ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ? ደረጃ ስትወጪ ቋ ቋ ይል የነበረው ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ከሁሉም በላይ አባባ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ልቤ ግን አልረጋ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። አንዴ መስኮት ልዘጋ፣ አንዴ ድስት ላማስል፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሣሁም አላውቅ።

የምሠራላቸው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ መሆናቸውን ነግሬሽ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ያሏቸው ሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ልጅና ከሚስታቸው የቀረች አንዲት ውሻ ናቸው። ውሻዋን እኔ ድንቡሼ ነው የምላት። ወገቧ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ስትቀመጥ እንደ ዱቄት ከረጢት ዘፍ ትላለች። ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ እስክትመለስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ብንወስዳት አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ሆና ተገኘች። ለቁመቷ አሥራ አራት ይበቃት ነበር። ሐኪሟ በዚህ ከቀጠለች ልቧም መገጣጠሚያዋም አይችሏትም አለችን። ባቡር ነጂው ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

መቼም ጥድፊያዬን ታውቂው የለ! ቤት እንደገባን ምግቧን በግማሽ ቀነስኩት። በአምስተኛው ቀን ቢጫ ነገር አስታውካ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ታቅፌያት በረርኩ። ሐኪሟ «ውሻ እንደ ቀሚስ ባንድ ቀን አይጠብም» ብላ ገሠጸችኝ። መጀመሪያ ከአሥር እጅ አንዱን ብቻ ቀንሺ፣ በሳምንት ከሁለት እስከ ሦስት መቶ ግራም ከወረደች ትልቅ ነገር ነው አለችኝ። ምግቧን በግምት ሳይሆን በኩሽና ሚዛን እየመዘንኩ ለሁለት ከፍዬ እንድሰጣት፣ ስትለማመጥም ከካሮት ቁራጭ በቀር እንዳላቀምሳት አዘዘችኝ። እግር ጉዞው አሥር አሥር ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ደረጃውን ግን በእቅፍ ነው። ያን ሁሉ ሥጋ ታቅፎ ሦስት ፎቅ መውጣት ምን እንደሆነ ጀርባዬን ጠይቂው።

እሑድ እሑድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ባለው ሚዛን እንመዝናታለን። መጀመሪያ ብቻዬን፣ ቀጥሎ እሷን ታቅፌ እወጣለሁ፤ ልዩነቱን እሳቸው ይጽፋሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። እኔም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገባሁ። ደብቆ ያበላታል ብዬ የሕንፃውን ዘበኛ ጠረጠርኩ፤ ከላይ የምትኖረውን ልብስ ሰፊ ጠረጠርኩ። ልብስ ሰፊዋማ ተቀይማኝ እስከ ዛሬ በቅጡ ሰላም አትለኝም።

በአራተኛው እሑድ ጀርባዬ አልታጠፍ አለ። ባቡር ነጂው «ግድ የለሽም፣ ዛሬ እኔ ልያዛት» አሉና ኮታቸውን አውልቀው ሚዛኑ ላይ ወጡ። እታለም፣ ያ ዘንካታ ሰውዬ አርባ ዘጠኝ ኪሎ! ለካ ኮቱን ቤት ውስጥም የማያወልቁት ለብርድ አልነበረም። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ወዲያው ወረዱ።

ምሳቸውን ሁልጊዜ አቅርቤላቸው እኔ ኩሽና ቆሜ ነበር የምበላው። የዚያን ዕለት በሩን ገርበብ አድርጌ አየኋቸው። አንድ ጊዜ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ ሰሃኑን ከጠረጴዛው ሥር አወረዱት። ድንቡሼ እንደ ለመደች ድምፅ ሳታሰማ ጥርግ አደረገችው።

ዘልዬ ገባሁ። «እሷንም ራስዎንም እየገደሉ እኮ ነው!» አልኳቸው። ድምፄ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። ባዶውን ሰሃን ከወለሉ አነሡና፣ «እህል አፈር አፈር ይለኛል። ብቻዬን ስቀመጥ አይወርድልኝም። አንቺ ደግሞ ባዶ ሰሃን ስታዪ ደስ ይልሻል» አሉኝ። ለካ እኔን ላለማስከፋት ነው!

ከቤቴ ታስወጣኛለች ብለው ለልጃቸው እንዳልነግር ለመኑኝ። እኔም ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ወይ እርስዎ ይደውሉ፣ ወይ እኔ እደውላለሁ አልኳቸው። ሁለት ቀን አኮረፉኝ፤ በሦስተኛው ራሳቸው ደወሉ።

ልጃቸው መጥታ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ደማቸው ደኅና ነው። ሲከሱ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ሰፍቷቸው ድዳቸውን አቁስሎት ኖሯል፤ አዲስ ተሠራላቸው። ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ፣ አባቴ ከቤቱ አይነቃነቅም፣ አንቺ ግን አብረሽው ብዪ ብላኝ ሄደች። መጀመሪያ አብሬያቸው መጉረስ አሳፍሮኝ ነበር። አሁን ስለ ሐዲድና ስለ ጭጋግ ሲያወሩኝ ወጡ ይበርድብናል። ድንቡሼ እስክንጨርስ ሌላ ክፍል ሆና በሩን ትቧጭራለች። እሷ አሥራ ስምንት ከስድስት መቶ ገብታለች፤ እሳቸው ሃምሳ አንድ ሆነዋል።

ታዲያ ሁሉም ከተቃና ምን ያቁነጠንጥሻል ትይኝ ይሆናል። አባባ ነው። እማማ ካረፈች ወዲህ በስልክ ስጠይቀው «በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ነው መልሱ። አንቺም ሰሃኑ ባዶ ሆኖ እንደሚመለስ ትነግሪኛለሽ። ወቀሳ አይደለም እታለም፤ እኔስ ከሽማግሌው ጋር ከአንድ ጣሪያ ሥር ሆኜ መች አየሁ? እባክሽ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን የራስሽን ሰሃን ይዘሽ ክፍሉ ግቢ። ሲውጥ እዪው። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቶት እንደሆነም እዪና፣ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ባልሽን እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። ትልቋን ልጅሽን በፈተናዋ በርቺ በያት፤ ትንሹን ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ስለ ድንቡሼ ንገሪው፣ ይስቃል። ስለ ሽማግሌው ግን አብራችሁ በልታችሁ እስክትጨርሱ ምንም አትበዪው።

ታናሽ እህትሽ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከኩሽናው ጠረጴዛ
እሑድ፣ ጥር ፲፬ ቀን