ጅምሩ ሕንፃ፣ ስድስተኛ ፎቅ

ጥቅምት 6

ዛሬም ለመጋረጃ የሰው መስኮት ስለካ ዋልኩ። ሦስት ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት። አንዷ ደንበኛዬ መጋረጃው መሬት ይንካ ወይስ አይንካ እያለች አንድ ሰዓት ሙሉ አቆመችኝ። "አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?" ትለኛለች። እኔማ... መጀመሪያ መስኮት ይኑረኛ!

ከነገ ወዲያ ግን ይኖረኛል። ወረቀቱ አልቋል። ባለቤቱ ከስሮ ጥሎት የጠፋ ባለ ስምንት ፎቅ ጅምር ሕንፃ ነው። ባንኩ ወስዶ አንድ አንድ ቤት እየለየ ሸጠው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለው አንዱ የኔ ነው። የኔና የእማዬ። የአባዬን ሱቅ ሽጣ ያላትን ሁሉ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። "አድሼ አከራየዋለሁ፣ ለሁለታችንም ጡረታ ይሆነናል" ስላት አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችኝም። "አንቺ ካልሽ" ብቻ። ምነው በጠየቀችኝ።

ጥቅምት 8

ቁልፍ ተረከብኩ ልጽፍ ነበር። የምን ቁልፍ? በር የለውም!

ዘበኛው ነው ያወጣኝ። ጋሼ ነው የሚሉት ሁሉም። አስራ አንድ ዓመት ይሄን ባዶ ሕንፃ ጠብቋል። ደረጃው መደገፊያ የለው፣ መብራት የለው። እሱ ከፊት፣ እኔ ግድግዳውን እንደ እንሽላሊት ተለጥፌ ከኋላ። "አራተኛው ላይ ሦስተኛዋ ደረጃ ከፍ ትላለች ልጄ፣ እግርሽን አንሺ።" አነሳሁ። እውነትም ከፍ ትላለች! እያንዳንዷን ደረጃ ያውቃታል። ሰው እንዲህ አድርጎ የራሱ ያልሆነውን ቤት ያውቃል?

ከዚያ ስድስተኛ... አጃኢብ ነው። መስታወት የሌለው ትልቅ የመስኮት ክፍት፣ ከዳር እስከ ዳር ከተማ። ሃያ ዓመት መስኮት ለክቼ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ሜትሬን ዘረጋሁና ቁጥሩን ማንበብ ረሳሁ። ርግቦቹ እኔን አይተው ንቅንቅ አላሉም። እንግዳዋ እኔ ነኛ።

ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ። አራት ማዕዘን ጉድጓድ፣ ሰው ያስገባል። ወደ ታች ብመለከት ጥቁር ጨለማ። ወደ ላይ ቀና ብል ቁራጭ ሰማይ። ጠጠር ጣልኩ። አንድ... ሁለት... ቷ! ጸጉሬ ቆመ። "ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?" "እንጃ ልጄ፣ እንዲሁ ነው ትተውት የሄዱት።"

ጥቅምት 21

በር ተገጠመ። መስታወቱም። ርግቦቹ ተሰናበቱ፤ አንዷ ብቻ መስኮቱ ላይ ቆማ ትታዘበኛለች።

ሴራሚክ ሠሪው ያንን ጉድጓድ አይቶ "ይሄ እንዲህ ይተው እንዴ?" አለኝ። "ድፈነው!" አልኩ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ስንት ሕንፃ እንዳሠራ ሰው። ልጅ ቢገባበትስ? አይጥስ? ጋሼ ደጉ ሲሚንቶውን በትከሻው እስከ ስድስተኛ ተሸከመልኝ። ወለሉ ላይ ብረት ተዘረጋ፣ ሲሚንቶ ተሞላ። ከፊቱ ብሎኬት፣ ከብሎኬቱ ላይ ሴራሚክ።

ኅዳር 2

አለቀ! የወጥ ቤቱን ግድግዳ በመዳፌ ዳሰስኩት። ሰማያዊ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ መጋጠሚያው ቀጥ ያለ። የኔ ነው... የኔ? አሁንም ዓይኔን አላምነውም።

ከሠላሳ ሁለቱ ቤት ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ገና ብሎኬት ናቸው። ገዢዎቹ ተራ በተራ መጥተው አዩ። ከሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ፣ የገዢዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው "ውሃው እስኪገባ ብትታገሺ ምን ነበረበት?" አሉኝ። "የቀደመ ነው የሚጠቀመው" አልኳቸው። ምን ያለች አፍ ናት!

ሊከራዩ የመጡ፣ ሊጋቡ ያሉ ሁለት ልጆችም አይተው ወደዱት። "ውሃ የገባ ዕለት እንገባለን።"

ኅዳር 11

ምድር ቤት ስብሰባ። ቧንቧ ሠሪውን "ዶክተር" ይሉታል፤ ጆሮውን ቧንቧ ላይ ለጥፎ ሕመሙን ስለሚናገር። ሰውየው የሚናገረው በሹክሹክታ ነው፣ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎ ሰማው። ከምድር በፓምፕ ይገፋል፣ ጣሪያ ላይ ታንከር ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ሁሉም ቤት ይወርዳል። "ይህ ሕንፃ አንድ ጉሮሮ ነው ያለው፤ መሐንዲሱ አስቦ ትቶታል፣ በዚያ እናወጣዋለን።" አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ! ምን እንደሚል ሳይገባኝ።

ኅዳር 19

ጠዋት አዲሱን ቤት እየጠረግኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ዶክተርና ሰብሳቢው። ቧንቧው እስከ አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ ሲሚንቶ ገጭቶ ቆመ አሉ። "የማን ወለል እንደሆነ ለማየት ነው።"

ክው አልኩ። እስከ ዛሬ... ያ ጉድጓድ... ጉሮሮው!

ዶክተር በመዶሻው እጀታ ሴራሚኬን ይነካዋል። ተክ፣ ተክ፣ ተክ... ዶብ። "እዚህ ጋ ባዶ ነው። ማነው የደፈነው?"

"ስገዛውም እንዲሁ ነበር።" ከየት አመጣሁት? ምላሴን በቆረጠው።

ሰብሳቢው ጋሼን አስጠሩ። "አስራ አንድ ዓመት እዚህ ነህ፤ ይሄ ድሮም ድፍን ነበር?" ጋሼ ግድግዳውን አየ። እኔን አየኝ። ሲሚንቶውን የተሸከመው እሱ ነው! "ዓይኔ ደክሟል፣ አላስታውስም" አለና ደረጃውን ወረደ።

ኅዳር 20

ሥራ ላይ የአንዷን ደንበኛ መጋረጃ አንድ ክንድ አሳጥሬ ቆረጥኩት።

ኅዳር 22

"ቧንቧው በውጭ ለምን አይሄድም?" ብዬ ስብሰባ ላይ ተከራከርኩ። ዶክተር በጣቱ ቆጠረልኝ፦ ከኋላ የጎረቤት ሕንፃ ተጣብቋል፣ ከፊት የመብራት መስመር አለ፣ መሐል ላይ ደረጃው። "መንገዱ ይሄው ነው እህቴ።" ሰብሳቢው ደግሞ ካልተከፈተ እንከሳለን አሉ። ሠላሳ አንድ ሰው ሲያየኝ... መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ግድግዳው ከፈረሰ ተከራዮቼ ይሄዳሉ። ካልፈረሰ ግን ማንም ውሃ አያገኝም። እኔም አላገኝም! ይሄ እስከ ዛሬ አልታየኝም ነበር። ውሃ የሌለው ቆንጆ ወጥ ቤት ማን ይከራየዋል? ለፎቶ ካልሆነ! የአባዬ ሱቅ እኮ ነው እዚያ ግድግዳ ውስጥ ያለው።

ቤት ስገባ እማዬ "ውሃው መቼ ነው?" አለችኝ። ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ድፈነው ያልኩትን፣ የዋሸሁትን፣ የጋሼን። "ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ" ስላት ሳቋ አመለጣት። ስለ ሱቁ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ስለ ሱቁ ምንም አላለች። ሳቋ ካለቀ በኋላ ነው ቀስ ብላ "በኔ ዕድሜ ያለውን ሰው አስዋሸሽው?" ያለችኝ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም።

ኅዳር 23

በጠዋት መዶሻ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ጋሼ ጋ።

"ይቅር ይበሉኝ። ያስደፈንኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ። ዓይኔ እንኳ ደህና ነው።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ።" እንዲህ ብሎ መጥረጊያውን አነሳ። ምን ይባላል ለዚህ ሰው? አለቀስኩ።

ሰብሳቢውንና ዶክተርን ጠራሁ። ከየፎቁ የሰማም መጣ። "እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሰደበኝም። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እንግዲህ ዋናው መከፈቱ ነው" አሉ። የመጀመሪያውን ሴራሚክ እኔው መታሁት። ሁለተኛው ላይ አውራ ጣቴን! ጋሼ "በይ ነይ፣ አምጪው" ብሎ መዶሻውን ነጠቀኝ።

ብሎኬቱ ወደቀ፤ ወለሉን ዶክተር ራሱ በመሮ ፈልፍሎ ከፈተው። እናም... ንፋስ። ከታች ቀዝቃዛ ንፋስ ተነስቶ ፊቴን ነካኝ። አቧራው ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደዚያች ቁራጭ ሰማይ ተሳበ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ እዚህ ይሰማል፤ አንዷ ምራቷን ታማለች! ጉድጓድ ያልኩት እኮ ሕንፃው የሚተነፍስበት ነው። አንድ የማላውቀው መሐንዲስ ሠላሳ ሁለት ቤት አስቦ ይችን ክፍት ትቶ ሄደ፤ እኔ ደግሞ መጥቼ በአይጥ ፍራቻ ደፈንኩለት።

ኅዳር 29

ሊጋቡ ያሉት ልጆች መጥተው አዩ። ዶክተር ክፍቱ ላይ ትንሽ የብረት በር ይደረግበታል ብሏል፤ ቧንቧው በታመመ ቁጥር በኔ ወጥ ቤት ገብቶ ነው የሚያክመው። ሙሽሪት እጮኛዋን አየችው። "በየጊዜው ሰው ሊገባብን ነው?" ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። ግን ሲያመኝ ዋለ።

ታኅሣሥ 5

ቧንቧው አለፈኝ። ሰባተኛ ደረሰ። ግድግዳው ሲፈርስ የእቃ ማጠቢያው ተነስቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ከግድግዳው የወጣች አንዲት ባዶ ቧንቧ ብቻ ቀርታለች። ዶክተር አዲስ መክፈቻ ገጠመላት። ስመጣ ስሄድ አዞራታለሁ። ትንፋሽ እንኳ የላትም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አሁን እየለቀምኩ ነው።

ታኅሣሥ 13

ይሄን ስጽፍ እግሬ ገና እርጥብ ነው።

ዛሬ ፓምፑ ይነሳል ተባለ። እማዬ "እኔም አያለሁ" አለች። እማዬ! ያንን የሚያማት ጉልበቷን ይዛ ስድስት ፎቅ! በየፎቁ የማታውቀው ሰው ወንበር እያወጣ አሳረፋት፤ አራተኛው ላይ ጋሼ "ይቺኛዋ ከፍ ትላለች እህቴ" ብሎ እጇን ያዘ። ቤታችን ስትደርስ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነው። "ይሄ ሁሉ የኛ መስኮት ነው?" አለች። እዚያው ላሳርፋት ብዬ እኔ ወደ ጣሪያ ሮጥኩ።

ሠላሳ ሰው ባዶ ታንከር ከቦ ቆሟል። ዶክተር ጆሮውን ቧንቧው ላይ አደረገ። እጁን አነሳ፦ ዝም በሉ። አንዱ ልጁን አፉን ያዘው። ከታች፣ ከሩቅ አንድ ነገር ተነሳ... ማጉረምረም። "ሦስተኛ" አለ ዶክተር በሹክሹክታ። "አራተኛ... አምስተኛ..." እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። "ስድስተኛ አለፈ።" በኔ ግድግዳ! ያፈረስኩት ጋ! ከዚያ ታንከሩ ውስጥ ሳል መሰለ፣ ደግሞ ሳል... እና ፏ! ሰው ሁሉ ጮኸ። ሰብሳቢው፣ እኚያ ኮስታራ ሰውዬ፣ አቀፉኝ። መነጽራቸው ተሰበረ።

ሲሞላ ዶክተር ወደ ታች የሚያወርደውን ከፈተ። ስምንተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ "መጣ! መጣ!" ብላ ስትጮህ ሁላችንም ወደ እሷ ወረድን። ስሟን እንኳ አላውቀውም፣ ግን ከእሷ እኩል እጄን ከቧንቧዋ ሥር ከተትኩ። ዝገት መጣ፣ ከዚያ ጠራ፣ ከዚያ መስታወት። ፊቴን ታጠብኩበት። ወደ ሰባተኛ ወረድን። እዚያም ጮኽን። አንዱ ሕፃን ልጁን ውሃ አስነክቶ ሲያሳየው እንባዬ መጣ። ውሃ እኮ ነው... ውሃ ነው ብቻ! ግን ከምድር ተነስቶ የሰማይ ግማሽ ሲወጣ አይቼ አላውቅማ።

ከዚያ የጋሼ ድምፅ ከደረጃው፦ "የስድስተኛዋ! ኧረ ውሃሽ ደረጃ እየወረደ ነው!"

የኔ! የኔን እኮ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። መክፈቻዋን ሳዞር ከርሜ ክፍት ትቻት ወጥቻለሁ። ሮጥኩ። ውሃው በበሩ ሥር ወጥቶ ወደ አምስተኛ እየተንሸራተተ ነው። በሩን ብገፋው አዲሱ ወለሌ ሐይቅ ሆኗል። ከግድግዳው ያቺ ባዶ ቧንቧ ታንዠቀዥቃለች። እማዬ መሐሉ ላይ ቆማለች፣ ጫማዋ በአንድ እጇ፣ ቀሚሷ በሌላው።

"እማዬ! ዝጊያት እንጂ!"

ዞር ብላ አላየችኝም። "ቆይ እስቲ" አለች፣ "ትንሽ ይፍሰስ።"

ጫማዬን አወለቅኩ።